ሙሪየል ኩፐር፦ ገጽን ከወረቀት ወደ ስክሪን ያሻገረች መምህርት

በዚህ ቡሌቲን ላይ የታዋቂ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንመርጠው አንጋፋ ጋዜጠኞችን፣ ደራስያንን ወይም የነፃነት ታጋዮችን ነው። ጥሩ ነው፤ እኔም ብሆን ስለ እነሱ ማንበብ እወዳለሁ። ዛሬ ግን እስቲ ትንሽ ለየት ልበል ብዬ ስሟ በዲዛይን ሰዎች ዘንድ የታወቀ፣ በእኛ በጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዘንድ ግን እምብዛም የማይነሳ የአንዲት አሜሪካዊት መምህርት ሕይወት ይዤ መጥቻለሁ። ሙሪየል ኩፐር ትባላለች። ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል።

ለምን እሷን? በሁለተኛ ዓመት ትምህርታችን ውስጥ የድረ ገጽ ሥራ መግቢያ ኮርስ አለ። በኮርሱ መጀመሪያ ላይ የሚሰጠን ሥራ ዜና መጻፍ አይደለም፤ በኮድ ክብ፣ መስመርና አራት ማዕዘን መሳል ነው። ቅርጾቹን እየደጋገምን፣ ቀለማቸውን እየቀያየርን ቤትም ሰውም የማይመስል ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም አብስትራክት እንሠራለን። ታዲያ በክፍሉ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፤ ይኼ ለጋዜጠኛ ምን ያደርግለታል? ጋዜጠኛ ይጽፋል፣ ዲዛይነር ገጹን ያቀናብራል፣ ፕሮግራመር ኮዱን ይጽፋል፤ ሁሉም በየሙያው ቢሰማራ ምን ነበረበት? ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔ መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት የዚህችን ሴት ሕይወት ነው። ይህንን ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ተጋፍጣዋለችና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራ

ሙሪየል ኩፐር በ1925 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው ብሩክላይን ተወለደች። በ1944 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ካገኘች በኋላ ወደ ማሳቹሴትስ ተመልሳ በግዛቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያም በ1948 በዲዛይን፣ በ1951 ደግሞ በመምህርነት ሙያ ተመረቀች። ልብ በሉ፤ ገና ከጅምሩ ሁለት ነገር ይዛለች ማለት ነው፤ መሥራትንና ማስተማርን። የኋላ ሕይወቷ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተመላለሰ ነው።

በ1952 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤም አይ ቲ የምንለው ዩኒቨርሲቲ አዲስ ባቋቋመው የሕትመት ቢሮ ውስጥ ተቀጠረች። ሥራው ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚሠራው ዓይነት ነው፤ የበጋ ኮርስ ማስታወቂያ፣ ብሮሹር፣ የኮንፈረንስ ፖስተር፣ መጠሪያ ወረቀት። መቼም አንባቢ ሆይ፣ ሥራው ተራ ይመስላል። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ የኤም አይ ቲ ሳይንቲስቶች የሚሠሩት ስለማይታይ ነገር ነው። ስለ ድምፅ ሞገድ፣ ስለ አቶም፣ ስለ ሒሳብ። እነዚህን ፎቶ አንስቶ ብሮሹር ላይ መለጠፍ አይቻልም። ስለዚህ እሷና የሥራ ባልደረቦቿ መስመር፣ ነጥብና ቀለም ይዘው የማይታየውን በምልክት ማሳየት ነበረባቸው። አብስትራክት ለእሷ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም፤ የሥራ መሣሪያ ነበር።

ለእኛም አብስትራክት እንግዳ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ተምሮ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ብዙ ሰው ሥዕሉን እያየ ምንድነው ይኼ ይል እንደነበር እናውቃለን። ምንድነው ብሎ መጠየቁ በራሱ የትምህርቱ መጀመሪያ ነው። ዓይን የለመደውን ስም ሲያጣ ቅርጹን ራሱን ማየት ይጀምራልና።

ሰባቱ መስመሮች

ኩፐር በ1958 ፉልብራይት የተባለውን የትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ ጣሊያን፣ ሚላኖ ሄደች። ከዚያ ስትመለስ በቦስተን የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች። ከደንበኞቿ አንዱ የኤም አይ ቲ መጻሕፍት አሳታሚ የሆነው ኤም አይ ቲ ፕሬስ ነበር። ለዚህ ድርጅት በ1960ዎቹ የሠራችው ዓርማ እስከ ዛሬ ድረስ ከዘመኑ ምርጥ ዓርማዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

ዓርማው ምንድነው? ሰባት ቀጥ ብለው የቆሙ መስመሮች ብቻ። ከሰባቱ አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ አንዱ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። አለቀ። ሌላ ምንም የለም። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ግን የድርጅቱ የእንግሊዝኛ ምኅጻር ፊደላት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ኤም ናቸው፤ አራተኛው አይ ነው፤ ወደ ላይ የወጣው አምስተኛው ቲ ነው፤ ወደ ታች የወረደው ስድስተኛው ከሰባተኛው ጋር ሆኖ ፒ ይሆናል። ራቅ ብለን ስናየው ደግሞ በመደርደሪያ ላይ የተሰደሩ መጻሕፍት ይመስላል። ፊደሉ ሥዕል ሆነ፤ ሥዕሉ ደግሞ ፊደል።

በ1967 ኩፐር የዚሁ የኤም አይ ቲ ፕሬስ የዲዛይን ዳይሬክተር ሆና ተሾመች። በሕይወቷ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ነድፋለች። ከእነዚህ ሁሉ ግን ሁለቱን ብቻ ላንሳ፤ አንዱ ያስመሰገናት፣ ሌላው ያጣላት ነው።

ያስመሰገናትና ያጣላት መጽሐፍ

ያስመሰገናት በ1969 የታተመው ባውሃውስ የተባለው መጽሐፍ ነው። ባውሃውስ በ1919 በጀርመን ቫይማር ከተማ ተከፍቶ በ1933 በናዚዎች ጫና የተዘጋ የሥነ ጥበብና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ነበር። የትምህርት ቤቱ ሐሳብ ሠዓሊና አናጺ፣ ሐሳብ አመንጪና ሠሪ ተለያይተው መማር የለባቸውም የሚል ነው። ተማሪው እንጨቱን፣ ብረቱን፣ ክሩን ራሱ እየነካ ይማራል። ሃንስ ቪንግለር በጀርመንኛ ያዘጋጀውን የዚህን ትምህርት ቤት ሰነዶች ስብስብ ኩፐር በእንግሊዝኛ ሲታተም ነደፈችው። ከ600 ገጽ በላይ ያለው፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ትልቅ መጽሐፍ ሆነ። በዚህ ሳታበቃ የመጽሐፉን ገጾች በየተራ እየቀረጸች ዓይን ፊት በፍጥነት የሚያልፉ ፊልም አደረገቻቸው። ኮምፒውተር በየቤቱ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ገጽ ቢንቀሳቀስ ምን ይመስላል ብላ ማሰብ ጀምራለች ማለት ነው።

ያጣላት ደግሞ በ1972 የታተመው ስለ ላስ ቬጋስ ከተማ የሕንፃና የማስታወቂያ ገጽታ የሚተነትን መጽሐፍ ነው። ደራስያኑ ሮበርት ቬንቱሪ፣ ዴኒስ ስኮት ብራውንና ስቲቨን አይዘኑር ናቸው። ኩፐር መጽሐፉን ግዙፍና ባለ ብዙ ነጭ ቦታ አድርጋ ነደፈችው። ሽፋኑንም ዕቃ እንዳይሰበር በሚጠቀለልበት ባለ አረፋ ፕላስቲክ ልታደርገው አስባ ነበር፤ ደራስያኑ ግን እምቢ አሉ። በጠቅላላው ንድፉን አልወደዱትም። መጽሐፋቸው የሚሟገተው ለተራው፣ ለየዕለቱና ለመንገድ ዳር ነገር ሆኖ ሳለ ልብሱ የከበርቴ ሆነባቸው። በ1977 ሁለተኛው እትም ሲወጣ በስኮት ብራውን ንድፍ ትንሽና ርካሽ ሆኖ ወጣ።

ይህንን ጠብ መዝለል አልፈለግሁም። እንደኔ እንደኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ኩፐር የሠራችው መጽሐፍ ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚፈልጉት ሆኗል። ግን ደግሞ መልእክቱ የጸሐፊው፣ መልኩ የሌላ ሰው ሲሆን እንዲህ ዓይነት ግጭት ይፈጠራል። ጸሐፊው ሐሳቡን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ገጹ ሲመጣለት የራሱን ሐሳብ ያጣዋል። በማንኛውም ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ በአዘጋጁና በገጽ አቀናባሪው መካከል የሚነሳው ክርክር ከዚህ የተለየ አይደለም። መፍትሔው ማን ይዘዝ የሚል ነው ወይስ ሌላ? የኩፐር ቀጣይ ሕይወት የሰጠው መልስ ሌላ ነው።

አርባ ሁለት ዓመት ሆኗት እንደገና ተማሪ

ወደ 1967 ልመለስ። ዳይሬክተር በሆነችበት በዚያው ዓመት ኩፐር በኤም አይ ቲ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ያስተምረው የነበረውን የኮምፒውተር ትምህርት ገብታ ተከታተለች። ዕድሜዋ 42 አካባቢ ነው። ስም ያላት ዲዛይነር ናት። ትምህርቱ ግን ግራ አጋባት። ኮምፒውተር ያኔ ዛሬ እንደምናውቀው ስክሪንና ማውስ ያለው ዕቃ አልነበረም። በወረቀት ካርድ ላይ ቀዳዳ እየበሱ፣ በቁጥርና በኮድ የሚያናግሩት ማሽን ነበር። በዓይን የምታስብ ሴት ምንም በማይታይበት ቦታ ተቀመጠች።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ይኼ ለኔ አይደለም ብሎ ይወጣል። ኩፐር ግን ማሽኑ አንድ ቀን የሕትመትን ሥራ እንደሚለውጥ ስለገባት ትታው አልሄደችም። እዚህ ላይ ግን ልብ የምትሉልኝ ነገር አለ፤ ኩፐር ፕሮግራመር አልሆነችም። የኮድ ሊቅ ሆና አይደለም ታሪክ የሠራችው። ያደረገችው ነገር ኮድ የሚችሉትንና ማየት የሚችሉትን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን፤ እሷ ደግሞ ሻሿን ከጠመጠመች በኋላ ለመማር የተቀመጠች ሰው ናት። ጀማሪ መሆን ምን እንደሚመስል በሰውነቷ የምታውቅ መምህርት መሆኗ ይመስለኛል የማስተማር ዘዴዋን የቀረጸው።

ማተሚያ ማሽኑ ያለበት ክፍል

በ1970ዎቹ አጋማሽ ኩፐር ከሮን ማክኒል ጋር ሆና በኤም አይ ቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል ውስጥ አንድ ኮርስ ማስተማር ጀመረች። የኮርሱ ስም በእኛ ቋንቋ መልእክትና መንገድ ብንለው ይስማማል። ማክኒል የፊዚክስ ትምህርት ያለው፣ ማሽን የሚወድ ሰው ነው። የሁለቱ ጥምረት ዓይንና እጅ እንደማለት ነበር። ከዚሁ ኮርስ ጋር የሚታየው ቋንቋ ወርክሾፕ ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን የሥራ ክፍል አቋቋሙ።

በክፍሉ መሐል ኦፍሴት ማተሚያ ማሽን ተተከለ። በተለመደው አሠራር ዲዛይነሩ ንድፉን ለማተሚያ ቤት ይልካል፤ ፕሌት ሠሪው ፕሌቱን ያወጣል፤ አታሚው ያትማል፤ ዲዛይነሩ ውጤቱን የሚያየው ካለቀ በኋላ ነው። በኩፐር ክፍል ግን ተማሪው ይጽፋል፣ ይነድፋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ፕሌት ያወጣል፣ ቀለም ይሞላል፣ ማሽኑን ያስነሳል። አንድ ወረቀት አትሞ ደግሞ ያንኑ ወረቀት አዙሮ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ያትማል፤ እንደገና ያዞረዋል። ከዚህ የሚወጣው ማንም አስቀድሞ በእርሳስ ሊነድፈው የማይችል የቀለምና የፊደል ድርብርብ ነው። ማሽኑ ራሱ በሥዕሉ ውስጥ ሐሳብ ያዋጣል።

ይኼ ነገር ለምን ትልቅ ሆነ? ምክንያቱም ስሕተቱም ሆነ ግኝቱ ወዲያው ዓይን ፊት ይመጣል። ተማሪው ውጤቱን ለማየት ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። ያያል፣ ይለውጣል፣ እንደገና ያያል። ወረቀትና ቀለም ያለበት ክፍል ሆኖ ሳለ አሠራሩ የኮምፒውተር ሆነ ማለት ይቻላል። በክፍሉ ውስጥ ኋላ ላይ ኮምፒውተሮች ሲገቡም ዘዴው አልተለወጠም። የሥነ ጥበብ ሰው ከምሕንድስና ተማሪ ጎን ይቀመጣል፤ መሣሪያውን ራሳቸው ይሠሩታል፤ በመሣሪያውም ራሳቸው ይስሉበታል።

ሚዲያ ላብና የመጨረሻው ሥራ

በ1985 በኤም አይ ቲ ሚዲያ ላብ የተባለው ታዋቂ የምርምር ማዕከል ሥራ ሲጀምር የኩፐር ወርክሾፕ የማዕከሉ አንድ ክፍል ሆነ፤ እሷም ከመሥራች መምህራን አንዷ ሆነች። ቀድሞ የተከታተለችውን ኮርስ የሰጠው ኔግሮፖንቴ የማዕከሉ መሪ ነበር። መሐንዲሶች በበዙበት፣ ሴት መምህራን በጣት በሚቆጠሩበት ግቢ ውስጥ በሥነ ጥበብ ዲግሪ የገባች ሴት ናት። በ1989 ኮምፒውተርና ዲዛይንን የሚመለከት አንድ ሙሉ የዲዛይን መጽሔት ዕትም ከወርክሾፑ ጋር አዘጋጅታ አወጣች።

በእነዚያ ዓመታት ኮምፒውተር የሚያሳየው ገጽ በአብዛኛው የወረቀትን ገጽ የሚኮርጅ ነበር። ጠፍጣፋ፣ በሣጥን ላይ ሣጥን የተደራረበበት። ኩፐርና ተማሪዎቿ ግን ስክሪን ወረቀት ካልሆነ ለምን እንደ ወረቀት ይሆናል ብለው ተነሱ። ጽሑፍ ጥልቀት ቢኖረውስ? አንባቢው በፊደላት መሐል እንደ ወፍ እየበረረ ቢያልፍስ? ሩቅ ያለው ርዕስ ደብዘዝ ብሎ፣ ስንቀርበው እየጠራ ቢመጣስ?

በየካቲት 1994 በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በተደረገው የቴድ ጉባኤ ላይ ኩፐር ይህንን ሥራ አቀረበች። ከሥራው ጀርባ ዴቪድ ስሞል፣ ሱጉሩ ኢሺዛኪና ሊዛ ስትራውስፌልድ የተባሉ ተማሪዎቿ አሉበት። የመረጃ መልክዓ ምድር ልንለው እንችላለን። በስክሪኑ ላይ ፊደላት በጥቁር ባዶ ቦታ ውስጥ ተንሳፈው ይታያሉ፤ ተመልካቹ ወደ አንዱ ሲጠጋ ከኋላው ሌላ ዝርዝር ይከፈታል። በአዳራሹ የነበሩ የኮምፒውተርና የዲዛይን ሰዎች ተደነቁ። ቢል ጌትስ የሥራውን ቅጂ እንዲላክለት መጠየቁ በሰፊው ተወርቷል።

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። በዚያው ዓመት ግንቦት 26 ቀን በልብ ሕመም በ68 ዓመቷ በቦስተን አረፈች። የዓለም አቀፉ ድር ገና ለሰፊው ሕዝብ መዳረስ በጀመረበት ወቅት ነው። ድረ ገጽ ሁሉ በግራጫ መደብ ላይ ጽሑፍ የሚደረድር በነበረበት በዚያ ዘመን ጽሑፍ እንዴት መንቀሳቀስና መተንፈስ እንደሚችል ያሳየችው ሴት፣ ድሩ ሲያድግ ሳታይ ሄደች።

ከሞተች በኋላ የቀጠለው ክፍል

አንዳንድ ሰው ሲሞት ሥራው አብሮት ይቀበራል። መምህር ግን እንዲህ አይደለም። በወጣትነቱ በኤም አይ ቲ ምሕንድስና ሲማር በኩፐር ሥራ የተሳበ ጆን ማዬዳ የተባለ ሰው አለ። ጃፓን ሄዶ ዲዛይን ተምሮ ተመለሰ፤ በ1996 በሚዲያ ላብ ውስጥ ሥነ ውበትንና ስሌትን አንድ ላይ የሚያጠና ቡድን አቋቋመ። የኩፐርን ቦታ የተካው ይኸው ቡድን ነው። ማዬዳ በ1999 ዲዛይን ባይ ነምበርስ የሚባል ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ቀላል የኮድ ቋንቋ ከነመጽሐፉ አወጣ። ሥዕሉ የሚሣለው 100 በ100 በሆነ ትንሽ ሜዳ ላይ ነው፤ ቀለሙ ከ0 እስከ 100 የሚቆጠር ግራጫ ብቻ። ነጭ 0፣ ጥቁር 100። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ የሥነ ጥበብ ተማሪ በአንድ ቀን መስመር ማስመር ይችላል።

የማዬዳ ተማሪዎች የነበሩት ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 ፕሮሰሲንግ የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ነፃ ነው፤ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል። በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ጥበብና የዲዛይን ተማሪዎች ኮድ የሚጀምሩት በእሱ ሆነ። በ2013 ደግሞ ሎረን ሊ ማካርቲ ያንኑ ሐሳብ ወደ ድረ ገጽ ቋንቋ ወደ ጃቫስክሪፕት አመጣችው፤ ፒ ፋይቭ ጄ ኤስ ተባለ። ይኼ በማንኛውም ብራውዘር ውስጥ ይሠራል። በኮርሳችን የምንሠራበት መሣሪያ እሱ ነው። ስለዚህ በላቦራቶሪያችን ክብና መስመር የምትስሉ ሁሉ፣ ሳታውቁት የኩፐር የልጅ ልጆች ናችሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደግሞ ሌላ የገረመኝ ነገር አለ። የማዬዳን መጽሐፍም ሆነ ሪስና ፍራይ በ2007 ስለ ፕሮሰሲንግ የጻፉትን መጽሐፍ ያሳተመው ኤም አይ ቲ ፕሬስ ነው። በ2017 ስለ ራሷ ስለ ኩፐር ሕይወትና ሥራ የሚያትተውን ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመውም እሱ ነው። እነዚያ ሰባት መስመሮች አብረው ሄደዋል ማለት ነው።

ታዲያ ለእኛ ምንድነው?

ኮርሱን ሲጀምሩ የሚከብደው ነገር ሒሳቡ አይደለም። ሜዳው ስፋቱ 400፣ ቁመቱ 400 ፒክስል ይሁን እንበል። የመነሻው ነጥብ በስተግራ ላይኛው ጥግ ነው፤ ወደ ቀኝ ስንሄድ አንዱ ቁጥር፣ ወደ ታች ስንወርድ ሌላው ቁጥር ይጨምራል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግራፍ ጋር የሚለየው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች መቁጠሩ ነው። ይኼን ለመልመድ ሁለት ክፍለ ጊዜ በቂ ነው። እኔ የኩፐርን ሰባት መስመሮች በኮድ ሠርቻቸዋለሁ። ሰባት ጊዜ አንድ ትእዛዝ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንዱን መስመር ሰባት ጊዜ ድገም፣ በየጊዜው ወደ ቀኝ አርባ ፒክስል ፈቀቅ በል ብሎ ማዘዝ ነው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ከፍ በል፤ ስድስተኛው ላይ ዝቅ በል። ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ። ከዚያ ቁጥሩን ከሰባት ወደ ሰባ ስለውጠውና ቁመቱን በዘፈቀደ ሲያደርገው ዓርማው ጠፍቶ ጫካ መጣ። ያንን ጫካ ማንም አልነደፈውም። ሕጉን ብቻ ነው የጻፍኩት።

የሚከብደው ነገር ሌላ ነው። ከኮዱ ጀርባ አንድ ውሳኔ አለ፤ ምን ከፍ ይበል፣ ምን ዝቅ ይበል? ይኼ ውሳኔ የጋዜጠኛ ውሳኔ ነው። የትኛው ዜና በፊት ገጽ ይውጣ፣ የትኛው ቁጥር በትልቅ ፊደል ይታይ፣ አንባቢው መጀመሪያ ዓይኑ የት ይረፍ። ዛሬ ይህንን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ጸሐፊው አይደለም፤ ድረ ገጹን የሠራው ሰው ወይም ከውጭ የተገዛ ዝግጁ ቅርጽ ነው። ዜናውን የጻፍነው እኛ ሆነን፣ ዜናው ምን እንደሚመስል የወሰነው ፈጽሞ የማናውቀው ሰው ይሆናል። የላስ ቬጋስ መጽሐፍ ደራስያን ቢያንስ ኩፐርን አግኝተው መጨቃጨቅ ችለዋል። እኛ ግን ከአንድ ዝግጁ የድረ ገጽ ቅርጽ ጋር እንዴት እንጨቃጨቃለን?

በተለይ ለአማርኛ ጉዳዩ ይከብዳል። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ በማንኛውም ዘመናዊ ስክሪን ላይ መታየት ይችላል። መታየት ግን አንድ ነገር ነው፤ አምሮ መነበብ ሌላ ነገር። ብዙዎቹ ዝግጁ ቅርጾች ለላቲን ፊደል ተለክተው የተሰፉ ናቸው። የእኛ ፊደል እግር፣ ቀለበትና ክንድ በዚያ ልክ ሲገባ ይጨናነቃል፤ በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። ይኼንን የሚያስተካክለው ማን ነው? የውጭ አገር ፕሮግራመር ሀን ከሐ ለይቶ አያይም። ማየት የምንችለው እኛ ነን፤ ግን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ክፍተቱ የሚሰፋበትን ቁጥር የት እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔ ከኩፐር ሕይወት የወሰድኩት ትምህርት ይኸው ነው። ሁሉም ሰው ፕሮግራመር ይሁን አላለችም፤ እሷ ራሷም አልሆነችም። ሐሳቡን የሚያስበው ሰው መሣሪያው ካለበት ክፍል ውጭ አይቀመጥ ነው ነገሩ። ማተሚያ ማሽኑ ያለበት ክፍል ዛሬ ብራውዘሩ ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። መብራትና ኔትወርክ ካልተቋረጠ ማለቴ ነው። ቢቋረጥም ግድ የለም፤ ፒ ፋይቭን አንዴ ፍላሽ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል።

ስለዚህ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች፣ በተለይ አሁን ኮርሱን የምትጀምሩ ታናናሾቻችን፣ ክብ ስሉ ስትባሉ አትናቁት። ቀለሙን ለውጡት፣ ደጋግሙት፣ አዙሩት፣ ምን እንደሚመጣ እዩ። መምህራኖቻችንም ይህንን ኮርስ ስለምትሰጡን እያመሰገንን፣ ከላቲን ፊደል ጎን በራሳችን ፊደል የሚሠሩ መልመጃዎች ቢጨመሩበት ብለን በትሕትና እንጠይቃለን። ሀ ምን ያህል መስመርና ምን ያህል ቅስት እንደሆነች በኮድ የሠራ ተማሪ፣ ነገ የአንድ ጋዜጣ ድረ ገጽ ሲሰጠው ምን እንደሚያዝ ያውቃል።

ቸር ይግጠመን!